የንጋት ሐይቅ ጎብኝ ዕዳ

ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጀርባ የተኛው ውሃ ዛሬ የራሱ ስም አለው፤ ንጋት ሐይቅ ይባላል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ አገሪቱ ከኤሌክትሪክ ኃይሉ ሌላ ቀድሞ ያልነበራትን ነገር አገኘች። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ ስፋቱ የጣና ሐይቅን ግማሽ የሚያልፍ ሰው ሠራሽ ባሕር ከሱዳን ድንበር አጠገብ ተኝቷል። የኮረብታ አናት የነበረው ደሴት ሆኗል፤ የገደል አፋፍ የነበረው የውሃ ዳርቻ ሆኗል። ዓሣ አስጋሪዎች ገብተውበታል፤ የቱሪዝም ወሬውም ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው። የባሕር ዳርቻ የሌላት አገር በጉባ በረሃ ዳርቻ ስታገኝ ሕዝቡ ሊያየው መጓጓቱ የሚጠበቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ታዲያ ከጉጉቱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ በዚያ ዳርቻ ቆሞ የሚደሰት ሰው ከውሃው በታች ለቀረው አገር፣ በዳርቻው ለሚኖረውም ሕዝብ፣ አንዳች ዕዳ አለበት? ወይስ ውበት እንደ ዝናብ ለሁሉም በነፃ የሚወርድ ስለሆነ አይቶ፣ ተደስቶ፣ አመስግኖ መመለስ ይበቃል? እኔ ዕዳ አለበት ባይ ነኝ። ዕዳው በጸጸት የሚከፈል አይመስለኝም፤ የሚከፈለው በማወቅና ባለቤቱን በማክበር ነው። ይህን የማይከፍል ጎብኝ ደግሞ ሐይቁን ራሱን በሙሉ ዓይኑ አላየውም እላለሁ።

ጥያቄውን ሃይማኖታዊ የሚያደርገው እኔ አይደለሁም። ሐይቁ ባለበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በዋና ከተማዋ በአሶሳ ዙሪያ ብዙኃኑ ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ቁርኣን ደግሞ ሰው በምድር ላይ እንዲጓዝ ደጋግሞ ያሳስባል። ማሳሰቢያው ግን ምክንያት አለው፤ ተጓዡ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሕዝቦች ፍጻሜ ምን እንደሆነ እንዲመለከት ነው። ተራራው፣ ዝናቡ፣ የሌሊትና የቀን መፈራረቅ የፈጣሪ ምልክቶች እንደሆኑ ሁሉ፣ የጠፋ መንደር ፍርስራሽም ምልክት ነው፤ አንዱን አንብቦ ሌላውን መዝለል አይቻልም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት ደግሞ ዓባይ ከኤደን ከሚወጡት አራት ወንዞች አንዱ፣ የኩሽን ምድር የሚከበው ግዮን ነው፤ በሰከላ ያለው ምንጩ የሚከበረው፣ በጣና ደሴቶች ላይ ገዳማት የተተከሉትም በዚሁ መንፈስ ነው። ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ በታንኳ የሚሻገር ምዕመን ውሃውን ያደንቃል፤ ነገር ግን ማንን ሊሳለም እንደሚሄድ ያውቃል። በእስልምናም ሰው ወደ ሼኽ መቃብር ዝያራ ሲሄድ፣ ወደ መቃብር ስፍራም ሲወጣ፣ መጀመሪያ ለባለመቃብሮቹ ሰላምታ ያቀርባል። በሁለቱም ሥርዓት ቦታን ማየት ማለት በቦታው ያለውንና የነበረውን ማክበር ማለት ነው። ዓይኑን ብቻ ይዞ የሚመጣ ጎብኝ አዲስ ፍጡር ነው፤ የእኛ አያቶች አያውቁትም ነበር።

አፍሪካዊው አባት አውግስጢኖስ በኑዛዜው ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ጽፏል። ሰዎች ተራራውን፣ ማዕበሉንና ሰፊውን ወንዝ ሊያደንቁ ርቀው ይሄዳሉ፣ የራሳቸውን ነፍስ ግን አይመረምሩም ሲል ይወቅሳል። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ በ1336 እ.ኤ.አ. ቫንቱ የተባለውን ተራራ ወጥቶ አናቱ ላይ ይህንኑ ገጽ ሲያነብ በራሱ እንዳፈረ ጽፏል። እኔ ወቀሳውን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ከተራራ ፊትን መልሶ ወደ ውስጥ ብቻ መመልከት ሌላ ዕውርነት ሊሆን ይችላል። በተራራውና በነፍስ መካከል ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም በዚያ ምድር ላይ የኖረው ሰው ነው። አውግስጢኖስ ያላነሳው፣ በንጋት ዳርቻ ግን ሊታለፍ የማይችለው ይህ ነው።

ከውሃው በታች ምን ቀረ? ዓባይ ክልሉን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ከክልሉ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ጉሙዞች ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ይኖራሉ። ማሽላ የሚዘራባቸው፣ ዓሣ የሚያዝባቸው፣ ማር የሚቆረጥባቸው፣ ወርቅ የሚታጠብባቸው ቦታዎች በውሃ ተውጠዋል፤ ነዋሪዎቹም በሺዎች እየተቆጠሩ ወደ ሌላ መንደር ተዛውረዋል። በነባሩ የጉሙዝ እምነት መንፈስ በቤት ውስጥ፣ በእህል፣ በእርሻ፣ በዛፍና በተራራ ያድራል፤ ስለዚህ ለአንድ የጉሙዝ ሽማግሌ የተቆረጠው ዛፍና የሰጠመው ኮረብታ ካሳ ተከፍሎበት የሚዘጋ ንብረት ብቻ አይደለም። መቃብሮችም አሉ። ሙታን የተቀበሩበትን መሬት ውሃ ሲሸፍነው ሕያዋኑ የሚያጡትን ነገር ለአማራው ገበሬም ሆነ በአሶሳ በኩል ለሚኖረው የበርታ ሙስሊም ማስረዳት አያሻም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የሚከብደው ለጎብኝው ማሳየት ነው፤ ምክንያቱም በዳርቻው ቆሞ የሚያየው ነገር የለም። የጉሙዝ ቤት የሚሠራው ከቀርከሃ፣ ከእንጨትና ከሣር ነው። የተወቀረ ሐውልት፣ የቆመ ዓምድ፣ ከውሃው በላይ ብቅ የሚል ጉልላት አልቀረም። ውሃው ለጥ ብሎ ሲታይ መጀመሪያውኑ ሰው ያልነበረበት ምድር ይመስላል።

በዚያው ወንዝ ታችኛው ጫፍ የሆነውን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ግብጽ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ስትሠራ የኑቢያ ምድር እንደሚሰጥም ታወቀ። ዩኔስኮ በ1960 እ.ኤ.አ. ለዓለም ጥሪ አቀረበ፤ ከ1964 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. የአቡ ሲምቤል ቤተ መቅደሶች በድንጋይ በድንጋዩ ተቆርጠው ከፍ ወዳለ ቦታ ተወስደው እንደገና ተገጠሙ። ሥራው አስደናቂ ነው፤ የ1972ቱ የዓለም ቅርስ ስምምነት የተወለደውም ከዚያ መነሣሣት ነው። በዚያው ዘመን ግን ከግብጽና ከሱዳን በድምሩ ወደ 100,000 የሚጠጉ ኑቢያውያን ከወንዛቸው ተነሥተው ወደ ኮም ኦምቦና ወደ ኸሽም አል-ጊርባ ተወሰዱ። ዛሬ ወደ አቡ ሲምቤል የሚጎርፈው ጎብኝ የራምሴስን ፊት ያውቃል፤ የተነሡትን መንደሮች ስም የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። ድንጋይ ጠበቃ አገኘ፤ ድንጋይ ያልጠረበ ሕዝብ ጠበቃ አላገኘም። በጉባም አደጋው ይኸው ነው፤ ከዚያም ይብሳል፤ ምክንያቱም እዚህ ሊድን የሚችል ሐውልት እንኳ ስላልነበረ የዓለምም የእኛም ዓይን ያረፈበት ነገር የለም።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከፈላስፎች በኩል ነው። ኢማኑኤል ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ስለ ፍርድ ኃይል ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቤተ መንግሥት ውብ ነው ወይ ተብሎ የሚጠየቅን ሰው ያነሣል። ሰውየው ድሃው ላቡን ያፈሰሰበትን የመኳንንት ከንቱ ክብር ሊረግም ይችላል፤ ካንት እርግማኑን አይቃወምም፤ ግን የተጠየቀው እርሱ አይደለም ይላል። የተጠየቀው ዓይን ያየውን ነገር ያለ አንዳች ጥቅምና ምኞት ብቻውን ሲያስበው ይደሰት እንደሆነ ነው። በዚህ ሚዛን የንጋት ሐይቅ ውበት ከታሪኩ የተለየ ነው፤ ታሪኩን ማንሳት የተለየ ሥራ፣ ምናልባትም የታሪክ ጸሐፊ ወይም የፖለቲከኛ ሥራ ይሆናል። ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ከውሃው ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ምንም ወንጀል የለበትም፤ ሕፃን አይቶት ቢስቅ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ካንት የጠቀሰው ተመልካች በዓለም ላይ የለም። ማንም ሰው ደሴትን ሲያይ የቀለምና የቅርጽ ክምችት ብቻ አያይም፤ ይህ ደሴት ነው፣ ይህ ሐይቅ ነው ብሎ ያያል። ያ ኮረብታ ከጥቂት ዓመታት በፊት የከብት መንገድ እንደነበረ የሚያውቅና የማያውቅ ሰው ያዩት ነገር አንድ አይደለም። ዕውቀት ከውበቱ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሳይሆን የማየቱ አካል ነው። ቅኔ የሚሰማ ሰው ሰሙን ብቻ ሰምቶ ወርቁ ሲያመልጠው ቅኔውን ሰማሁ ቢል ከፊሉን መዋሸቱ ነው። ካንት ደስታው ንጹሕ እንዲሆን ፈልጎ ዓይኑን አሳወረው።

ደግሞ ይህ ምድር ንጹሕ ተመልካች ደርሶት አያውቅም። ወደ ቤላ ሻንጉል፣ ማለትም ወደ ቤኒሻንጉል አገር፣ ስለመጡ እንግዶች የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው ከረጢት ይዘው ስለመጡ ሰዎች ነው። በ1821 እና 1822 እ.ኤ.አ. የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ይዞ ወደዚህ ደጋማ ዳርቻ የገሠገሠው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር፤ ፈረንሳዊው ተጓዥ ፍሬዴሪክ ካዮ ከጦሩ ጋር ሄዶ ስላየው ነገር በዝርዝር ጽፏል። ተጓዡ ዕፅዋቱን፣ ፍርስራሹን፣ የሰዉን ልብስ በትጋት መዝግቧል፤ ከጎኑ ይጓዝ የነበረው ጦር ግን ያንኑ ሰው ይማርክ ነበር። ከደጋው በኩልም ቢሆን ታሪኩ አያኮራም። ጉሙዞች ለዘመናት ከጎጃም በኩል በሚመጣ የባሪያ ፈንጋይ ሲሳደዱ ኖረዋል። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር አገሩን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ከጠቀለለ በኋላ ገባሩ የሚጠበቅበት ወርቅ ነበር፤ የሰው ንግዱም አልቆመም። የአሶሳው ገዥ ሼኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ኃይላቸው የቆመው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር የሚጠራው በእርሳቸው ነው፤ ቤታቸውም እዚያው በቅርስነት ይታያል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ ሕጋዊው መጨረሻ የታወጀው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። የሸጎሌን ቤት የእንጨት ሥራ የሚያደንቅ ሰው ይህን ካላወቀ ምን እንዳደነቀ አያውቅም። ሼኹን መርገም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ እርሳቸውም በሁለት ግዛቶች መካከል ተጨንቀው ሕዝባቸውን ያኖሩ የዘመናቸው ሰው ነበሩ። ነገር ግን ቅርስ ብለን የምናከብረው ግድግዳ በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ መናገር ለግድግዳው ስድብ አይሆንም።

ዕውቀቱ ደግሞ ሁልጊዜ የሐዘን ዕውቀት አይደለም። አሶሳን ከፋሺስት ኢጣሊያ እጅ መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ያስለቀቁት ከቤልጂየም ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው። ራሳቸው በቅኝ ግዛት ሥር ያሉ ሰዎች መጥተው በዚህች ከተማ ስለ ሌላ ሕዝብ ነፃነት ተዋግተዋል። በአሶሳ ዙሪያ በአለት ጥላ ሥር የተደረጉ ቁፋሮዎች ሰው እዚያ በድንጋይ መሣሪያ ለብዙ ሺህ ዓመታት እንደኖረ አሳይተዋል። ቤኒሻንጉል የተጠራበት የተከበረ ድንጋይ በመንጌ ወረዳ ተራራ ላይ አለ። የበርታዎች የቅል መለከት ሲነፋ ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ይዘው አንድ ዜማ ይሠራሉ። አንድ ጎብኝ ይህን ሁሉ አልፎ ግድቡን ፎቶ አንሥቶ ቢመለስ ብዙ ነገር ቀርቶበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከልማት በኩል ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ይልቅም ልብ ይነካል። ግድቡ የተሠራው በጨለማ ለሚኖር ሕዝብ ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል ማለት ጭስ የማያስለቅሰው የእናት ዓይን፣ ሌሊት የሚሠራ የጤና ጣቢያ ማለት ነው። ገንዘቡን ካዋጡት መካከል ከደሞዙ ላይ ቦንድ የገዛው መምህርና ወታደር፣ ነጋዴውም አሉበት። የውጭ አበዳሪ ፊቱን ባዞረበት ጊዜ ድሃ ሕዝብ ራሱ የሠራውን ነገር አሁን በሐዘን ተመልከተው ማለት ደስታውን መቀማት አይሆንም? አይሆንም፤ እንዲያውም ዕዳው የሚጸናው በዚሁ ምክንያት ነው። ቦንድ የገዛ ሰው በዚህ ሐይቅ ዳርቻ ተራ ጎብኝ አይደለም፤ ከሠሪዎቹ አንዱ ነው። ሁላችን ገንዘብ አዋጣን፤ የጉሙዝና የበርታ ገበሬ ግን ከዚያ በላይ ማሳውንና የአባቱን መቃብር አዋጣ። ብዙ ያዋጣ ሰው ደግሞ ስሙ ከሁሉ በፊት ሊጻፍ ይገባል። ግድቡ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ትክክል የሆነ ነገር ግን ያስከፈለውን ዋጋ መካድ አይጠበቅበትም። ዋጋውን የሚደብቅ ሰው በሥራው የሚያፍር ይመስላል፤ እኛ ደግሞ በዓባይ የምናፍርበት ምክንያት የለንም።

ሌላው ተቃውሞ ድካም የወለደው ነው። ደም ያልፈሰሰበት መሬት የት አለ? የሁሉንም በደል የሚያስታውስ ሰው የት ተቀምጦ ቡና ይጠጣል? ጉባ ባለችበት በመተከል ዞን ብቻ እንኳ፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በረሃብ ዘመን ከደጋው ተጭነው በፓዌ የሰፈሩ ሰዎች መቃብርም በዚያው ምድር አለ። የማንን ሐዘን አስቀድመን እናስታውስ? ይህ ተቃውሞ መልስ የሚፈልገው በትሕትና ነው። ሁሉን ማስታወስ የሰው ሥራ አይደለም፤ ይህን ሃይማኖቶቻችን ሁሉ ለፈጣሪ ትተውታል። ከሰው የሚጠበቀው አጠገቡ ያለውን ማወቅ ነው። በንጋት ዳርቻ ዕዳውን ልዩ የሚያደርገው ዕዳው የሚከፈላቸው ሰዎች ገና በሕይወት መኖራቸው ነው። የሰጠመውን ማሳ በእጁ ያረሰ ሰው ዛሬ በአዲሱ መንደር ተቀምጧል፤ ስሙን ይጠይቁታል፣ ይመልሳል። የሺህ ዓመት በደል ታሪክ ነው፤ የአሥር ዓመቱ ግን ጎረቤት ነው። የሰፋሪውንም ልጅ የጉሙዙንም ልጅ እኩል መጠየቅ ይቻላል፤ እኩል መጠየቅም ይገባል፤ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የተመለሰ ጎብኝ ቂም ተሸክሞ ይመለሳል፤ ቂም ደግሞ የዚህን ምድር ዕዳ ያበዛል እንጂ አይከፍልም።

የቱሪዝም ገቢው ለነዋሪው ስለሚደርስ ዕዳው በዚያው ይከፈላል የሚሉም አሉ። ገቢ መልካም ነው፤ መድረሱም መረጋገጥ አለበት። ነገር ግን ገንዘብ የሚከፍለው ጉልበትን ነው። ጀልባ የሚቀዝፍ ወጣት ደሞዙን ቢያገኝም ስለ አባቱ መንደር የሚጠይቀው ሰው ካጣ በገዛ አገሩ ላይ ሠራተኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ገበያው ራሱ የሚገፋፋው ወደዚያ ነው፤ ሐዘን አይሸጥም፣ የፀሐይ መጥለቂያ ይሸጣል። ለዚህ ነው ጉዳዩን ለአስጎብኚ ድርጅት ብቻ መተው የማይቻለው፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያንም ድርሻ አላቸው። መንገደኛ ሲሸኙ ስለ ደኅንነቱ እንደሚጸልዩት ሁሉ የሚሄድበትን አገር ባለቤት እንዲያከብር ቢያስተምሩ ከትምህርታቸው የወጣ ነገር አይሆንም፤ ዝያራውም መሳለሙም ከጥንት ጀምሮ ያስተማሩት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂትና ሊሠራ የሚችል ነው። በሐይቁ ዳርቻ ማረፊያ የሚሠራ ሁሉ ከፊቱ ባለው ውሃ ሥር የነበሩትን መንደሮች ስም በጉሙዝኛ፣ በበርታኛና በአማርኛ ጽፎ በሚታይ ቦታ ያቁም። ለደሴቶቹ አዲስ ስም ከማውጣት በፊት ኮረብታ ሳሉ ማን ብለው ይጠሯቸው እንደነበር ከሽማግሌዎቹ ይጠየቅ፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ለዘለዓለም አይኖሩም፣ ይህ ሥራ የዚህ አሥር ዓመት ሥራ ነው። ከተነሡት ቤተሰቦች የተወለዱ ወጣቶች አስጎብኚ ሆነው ይሠልጥኑ፤ የሚነግሩትም በሌላ ሰው የተጻፈላቸውን ሳይሆን የቤታቸውን ታሪክ ይሁን። አንባቢዬም ወደ አሶሳና ወደ ጉባ ስትሄድ ካሜራህን ከማውጣትህ በፊት አጠገብህ ያለውን ሰው ሰላም በለው፤ ይህ ውሃ ሳይሞላ እዚህ ማን ይኖር ነበር ብለህም ጠይቀው፤ መልሱ ረጅም ቢሆንም እስከ መጨረሻው ስማው።